በስቲከር የፈረሰው ሽምግልናዬ

ይድረስ ለወንድሜ ለምስጋናው ወገኔ፤
ጅግጅጋ።

ምስጌ፣ እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ፣ ጉልበትህስ፣ እንቅልፍህስ? ያ በየክረምቱ የሚነሳብህ የጥርስ ሕመም ተከትሎህ ሄደ ወይስ እዚሁ ዳንግላ ቀረ? የጅግጅጋ ነፋስ ቀጭን ሰው ይወስዳል ሲባል ሰምታ እማዬ ስለ ክብደትህ ትጨነቃለች፤ ባትወፍርም እስቲ ወፈርሁ በላት። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ፈረሳችን ቦራም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሁላችንም እሱ ይሻላል። እኔም ለሰላምታው ያህል ደህና ነኝ። ከሰላምታው በታች ግን ደህና አይደለሁም፤ እንዲህ ያደረግኸኝም አንተ ነህ። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ።

«በዚህ ዘመን ደግሞ ወረቀት!» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። ባለፈው ኔትወርክ በተለቀቀ ቀን ያን ሁሉ ጽሑፍ እያለቀስሁ በቴሌግራም ላክሁልህ፤ አንተ ምን መለስህልኝ? ጥቁር መነጽር ያደረገች ድመት። «ቀልድ አይደለም» ብዬ ብደግምልህ ደግሞ አባባን ላክህልኝ፣ መዳፋቸውን እንዳነሱ። እህቱ እያለቀሰች ድመት የሚልክ ሰው አለ? ወረቀት ግን ስቲከር አይቀበልም፤ የምትመልስልኝ በእጅህ ጽፈህ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ በኃይሉ ነው፤ በአይሱዙው ጭነት ይዞ ወደዚያ ስለሚመጣ። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቆሞ እንዲጠብቅህ፣ ከሳቅህም የት ላይ እንደሳቅህ እንዲነግረኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ጭምር፣ ምክንያቱም የሠራኸውን ሥራ ሙሉውን ያየኸው አይመስለኝም። በመስቀል ሰሞን ናፍቆትህ እንዲወጣልህ ብዬ አጭር ቪዲዮ ልኬልህ ነበር። አባባ ገበያ መሀል ቦራን ይዘው ቆመው፣ አንድ ነጋዴ ይሽጡልኝ እያለ ሲለማመጣቸው፣ መዳፋቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንስተው «አይሆንም! ወግድ!» ያሉበት። እኔ የላክሁልህ አባትህን እንድታይ ነበር። አንተ ቆርጠህ ስቲከር አደረግሃቸው።

መጀመሪያ የአክስቶቻችን ልጆች ግሩፕ ላይ ወጣ፤ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም። ቀጥሎ የእድሩ ግሩፕ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንዱ ምት ጨመረበትና ዘፈን ሆነ፤ ባጃጆቹ ከዳንግላ መናኸሪያ ጀምረው እሱን እያስጮሁ ይበራሉ። በአዊዎች ቋንቋ፣ በአውኚ የተተረጎመም አለ፤ አዘና ገበያ ላይ ድንች ሻጮቹ ዋጋ ለሚያወርድባቸው ሰው በእሱ ነው የሚመልሱት። እኔ ክፍል ገብቼ የቤት ሥራ ሠርታችኋል ወይ ስል ከኋላ ወንበር መዳፍ ይነሳል። ይባስ ብሎ ርእሰ መምህራችንን የግማሽ ቀን ፈቃድ በስልክ ብጠይቀው የገዛ አባቴን ልኮ ከለከለኝ።

ሰው ስቲከር ሲሆን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ ሰውየው ቤቱ ይቀርና ፊቱ ብቻ ሥራ ይጀምራል። አባባ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ኮርቻ እየሰፉ፣ ፊታቸው ባሕር ዳር ቀጠሮ ይሰርዛል፣ አዲስ አበባ የሰው እጮኛ ያባርራል። ደመወዝ የለው፣ እረፍት የለው። ደግሞ ማንም ሰውየውን ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። አባት ይሁን፣ ልጅ ይኑረው፣ ቢያይ ይከፋው እንደሆን የሚያስብ የለም።

እሳቸው ግን ምንም አያውቁም ነበር። ስልካቸው ያው ባለቁልፉ ነው፤ እኛም ደበቅናቸው። ገበያ ሲወጡ ወጣቱ ሁሉ መዳፉን እያነሳ ሲያሳልፋቸው ደስ ብሏቸው ይመለሱና የዘንድሮ ልጅ እንዴት ሰው አክባሪ ሆኗል እያሉ ለእማዬ ያወሩላታል። እሳቸውም አጸፋውን መዳፋቸውን ያነሳሉ። እማዬና እኔ ጓዳ ገብተን ነጠላችንን አፋችን ውስጥ እንወትፋለን።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ትዕዛዙን ታውቀዋለህ፤ ግምጃ ቤት ከተማ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም፣ ቦራ ሆዱን ታሞ የተንፈራገጠ ጊዜ መጥቶ ቀኑን ሙሉ አብሮት የዋለው። ያን ለት አባባ «ይህ ልጅ ሰው ነው» ብለው ነበር፤ ከአባባ አፍ ይህ ቃል በቀላሉ እንደማይወጣ ታውቃለህ። እወደዋለሁ፣ ምስጌ። ለታናሽ ወንድም እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እወደዋለሁ፣ በጥርም ልንጋባ አስበን ነበር። ሽማግሌ ሲልክ የሚያሰጋን ነገር አልነበረም።

በእኛ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ እሺ ተብሎ እንደማይሸኝ አትረሳውም። የሴት ልጅ አባት እንቢ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ያዝናሉ፤ ቀጠሮ ይለምናሉ፤ በሁለተኛው ይለሳለሳል። ሁሉም ድርሻውን ያውቀዋል። እማዬማ ለሁለተኛው ቀን ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነው መጡ፤ የትዕዛዙ አጎት አቶ ይኸነው፣ ጡረታ የወጡት መምህር ደረሰና የነፍስ አባታቸው ቄስ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። መምህር ደረሰ እንዴት አድርገው ተናገሩ መሰለህ! ቤታችሁን ቤታችን፣ ልጃችንን ልጃችሁ አድርጉልን ሲሉ መጋረጃውን ገልጬ እኔው እሺ ልላቸው ምንም አልቀረኝ። አባባ ዝም ብለው ሰሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ መዳፋቸው ተነሳ። ምን ያድርጉ፣ ያለ መዳፍ እንቢ ማለት አያውቁበትም። «አይሆንም!» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አቶ ይኸነው ግን አፋቸው አመለጣቸውና «ወግድ!» ብለው ጨረሱላቸው።

መምህር ደረሰ አንገታቸውን አቅንተው የጣሪያውን ቆርቆሮ ይመረምሩ ጀመር። ቄሱ ጭራቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው የሌለ ዝንብ ያባርራሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አቶ ይኸነው ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ጉንጫቸውን ነፉ፣ በመጨረሻ በትራቸው ከእጃቸው ወድቆ በሳቅ ፈነዱ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ዐይተህ ታውቃለህ? ቄሱም ጭራውን ጣሉት። ከሁሉ የባሰው እማዬም ሳቀች።

አባባ ምን የሚያስቅ አገኛችሁ ብለው ጠየቁ። አቶ ይኸነው ነገሩን ካሳየኋቸው አብረውን ይስቃሉ ብለው ይሆናል፣ ስልካቸውን አውጥተው ሰጧቸው። ያሳዩዋቸው ደግሞ ያንተን ስቲከር አይደለም፤ ሌላ ሰው ካንተው ተነስቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራውን ቪዲዮ ነው። አባባ ክንፍ ባለው ፈረስ ሰማይ ላይ እየጋለቡ አውሮፕላኑን «አይሆንም! ወግድ!» ይሉታል፤ ደመናውንም እንዲሁ ብለው ይመልሱታል፤ መጨረሻ ላይ ከፈረሱ ወርደው እስክስታ ይመታሉ። አባባ! እስክስታ!

ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው አዩት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ መብረቁን እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የተናገሩት ምን ይመስልሃል? «የዚህ ፈረስ ሁለተኛው እርካብ የታለ?» እውነትም ባንድ ጎኑ እርካብ የለውም። ልጓሙ ከአፉ መውጣቱ ቀርቶ ከጆሮው ይወጣል፤ እግሩም አምስት ነው። ማን ነው የሣለው ብለው ተቆጡ። መምህር ደረሰ፣ ያስተማሩበት ዘመን ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ማንም አልሣለውም፣ ማሽን ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የፈረስ ፎቶ አይቶ የተማረ ነው እያሉ ያስረዱ ጀመር። አባባ እስኪጨርሱ ጠብቀው «ታዲያ አንዱን እንኳ አልጫነም» አሉ።

ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱና «ልጄን ልትጠይቁ መጥታችሁ በእኔ ስትስቁ ዋላችሁ። ሂዱ፣ አትመለሱ» አሉ። በዚህኛው መዳፋቸውን አላነሱም። የምር እንቢታ መሆኑን ያወቅነው በእሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም። ሰው ሊያስታርቁ ሲጠሩም አሞኛል ብለው ላኩ። እኛ ቤት ቁጣ ቢሆን እንችለዋለን፣ ለምደነዋል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ዝም ብለው መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ለእማዬ ቀስ ብለው «ሰላም የሚሉኝ መስሎኝ ነበር እኮ» ሲሏት ሰማሁ። ምስጌ፣ ያን ስሰማ በዚያ ስቲከር የሳቅሁት ሳቅ ሁሉ አሳፈረኝ። ትዕዛዙ ደግሞ ቦራን ልመርምር እያለ በየቀኑ ከበር ይቆማል፤ በአዊ ዞን እንደዚህ ፈረስ የልብ ምቱ የተደመጠ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። አባባ በመስኮት ያዩትና መጋረጃውን ይለቁታል።

ያወጣን ሰው ማን ይመስልሃል? ሚልካ። የጓሮውን ክፍል የተከራየችው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው ልጅ። አባባ ለምን ረቡዕና ዓርብ አትጾሚም እያሉ ሁልጊዜ ይከራከሯታል፤ ይወዷታልም። ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ አጠገባቸው ኩርሲ ስባ ተቀመጠችና «አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን ብዙ ጊዜ እልክዎታለሁ» አለቻቸው። ወዴት ነው የምትልኪኝ አሉ። ስልኳን አወጣች። የማታውቃቸው ወንዶች «ቆንጆ፣ ተኛሽ?» «ቆንጆ፣ ለምን ትኮሪያለሽ?» እያሉ የሚጽፉላትን እያነበበች አሰማቻቸው። እሷ መልስ አትጽፍም፤ አባባን ትልካለች፤ ሰውየው ይጠፋል። አብረዋት የሚዘምሩት ልጆች ሁሉ እንደዚያው ያደርጋሉ። አንዷን ዓመት ሙሉ ሲያስቸግራት የነበረ ሰውማ ከአባባ በኋላ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም አለቻቸው።

አባባ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። ይኼኛውስ ማነው ብለው በጣታቸው አመለከቱ። ደጉ የሚባል፣ የማታውቀው ሰው እንደሆነ ነገረቻቸው። «ላኪኝ!» አሉ። ላከቻቸው። «ሄደ?» «ሄደ፣ አባባ።» «ቀጣዩን አንብቢ።» ያን ከሰዓት ሁለቱ ተቀምጠው እንደ ችሎት አንድ በአንድ እያስቀረቡ አሰናበቱ። አንዱ ጨዋ አጻጻፍ ስለነበረው አባባ ይሄስ ምን ይለዋል ብለው ሊያማልዱት ሲሉ ሚልካ መዳፏን አነሳችባቸው። ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሳቁ፤ ምሳቸውንም በሉ።

ሲጨርሱ ግን መጀመሪያ የቆረጠው ማን እንደሆነ ጠየቁን። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እማዬ ናት የተናገረችው፤ «ልጅህ ነው» አለቻቸው። ተነስተው ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እንዲሁ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ከተናገርሁት ሁሉ መርጦ ይችን?» አሉ። እማዬ ሦስት ዓመት የያዘችው ነገር ያን ጊዜ አመለጣት፤ ሌላ ምን ሰምቶ ያውቃል፣ ሥዕል ልማር ብሎ እግርህ ላይ ሲወድቅ የሰጠኸው መልስ ይኸው አይደል ወይ፣ ከነመዳፉ አለቻቸውና ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ያቺ ቃልና ያ መዳፍ አንተ ቦርሳህን ይዘህ የወጣህ ለት የነበሩት መሆናቸውን ረስቼው ነበር። ለካ እኛ በሳቅ የተቀበልነውን አንተ ጥርስህን ነክሰህ ነው የቆረጥኸው። አንተ ግን ለምን አንድ ቃል አልነገርኸኝም? ለምን ድመት ትልክልኛለህ?

በማግስቱ አባባ የኮርቻ ማስቀመጫውን ክፍል ባዶ አደረጉት። ለሠርግ ሊያስለስኑት ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ሄድሁ። ከግድግዳው ላይ ያንተ የከሰል ፈረስ ወጣ፤ ያ ከመሄድህ በፊት የሣልኸው፣ እሳቸው ኮርቻ ደርድረው የሸፈኑት። ፊቱ ቆመው ነበር። እርካቡን ሳይነኩ በጣታቸው ተከተሉት፤ ልጓሙን ተከተሉት። «ልኩን ነው» አሉኝ። ቆይተው «ይሄ የእኔ ኮርቻ ነው፤ ስፌቱን ታያለሽ?» አሉኝ። ዐየሁት፤ እውነትም ስፌቱ ሳይቀር አለ። ኮርቻዎቹን ወደ ቦታቸው አልመለሷቸውም። በረንዳው ላይ ተቆልለው እማዬ በወጣች በገባች ቁጥር እየተሰናከለችባቸው ትራገማለች።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ከገና በፊት ባለው እሑድ ይመለሱ ተብሏል። ስልካቸውን በር ላይ ሰፌድ ውስጥ አስቀምጠው ይገባሉ። አቶ ይኸነው ከአባባ ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ የሚያዩት ግድግዳውን ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ወንድሟ በሌለበት ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ይኼን እንደ ቀልድ አትየው፤ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ካልመጣህ ሽማግሌ የለም፤ ጥር ያልፋል፤ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ እኔም ትዕዛዙ የቦራን ልብ ሲያዳምጥ በመስኮት እያየሁ አረጃለሁ።

ሚልካ «አይሆንም»ን የሚያካክስ «እሺ» የሚል ሁለተኛ ስቲከር ይሠራልዎ ብላ ነበር። አባባ ተስማምተው ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀመጡ። እሺ ሲሉ ግን ፊታቸው ጥርሱን የሚነቀል ሰው ይመስላል፤ ፈገግ ይበሉ ስትላቸው ደግሞ ይብሳል። ብዙ ሞከረች። በኋላ ማሽኑ ራሱ ፊትዎን ያስተካክለዋል ብትላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ለእሺው ማሽን አያስፈልገኝም፣ ልጄ መጥቶ በከሰል ይሣለኝ አሉ።

ስለዚህ ና። ለሠርጌ ብለህ ና፤ ለእሱ ባይሆን ለእኔ ብለህ ና። ናፍቀኸኛል፣ አንተ ክፉ። የምትጣላኝ ሰው አጥቼ ከተማሪዎች ጋር ነው የምጣላው። መንገዱን በኃይሉ ያውቀዋል፤ ሲመለስ ከጎኑ ወንበር አለ። እንቢ ካልኸው ቤትህ ውሎ ቤትህ እንዲያድር አዝዤዋለሁ፤ ደግሞ ሲበላ አይተኸው ታውቃለህ።

እማዬ ግንባርህን፣ ዐይንህን፣ ጉንጭህን ስማሃለች፤ በርበሬና ሽሮ ለበኃይሉ ሰጥታዋለች፣ መንገድ ላይ እንዳይነካው ቋጠሮውን አይተህ ተቀበለው። ሚልካ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ስቲከሩ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብላለች። ትዕዛዙ እንደ ወንድም እጅ ነስቶሃል፤ ገና ወንድምህ አለመሆኑን ግን አትርሳ። አቶ ይኸነው አባባን ይቅርታ እንድትጠይቅላቸው ለምነውሃል፤ ምስኪን፣ አሁንም ቅዳሴ መሀል ትዝ እያላቸው ይወጣሉ አሉ። ተማሪዎቼ መዳፋቸውን አንስተውልሃል። ቦራም ተንፍሶብሃል።

አባባን ለምስጋናው ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። ኮርቻ እየሰፉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «እሺ ብያለሁ በይው» አሉኝ። ለምኑ ነው እሺ ያሉት ብላቸው፣ «እሱ ያውቀዋል» አሉኝ።

እህትህ ናርዶስ ወገኔ
ዳንግላ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.